ኮሮላዬ ላይ ቱርቦ ልጭን ነው፤ ኮምፕሬሽኑን ስንት ላድርገው?

የሳሪሱ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለቤቱ። መኪናዬ 101 ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ፣ 1.6። ዘይት መብላት ስለጀመረች ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ከወረደ አይቀር ደግሞ ስመኘው የኖርኩትን ቱርቦ ልጭንባት ብያለሁ። ትንሽ ቱርቦ፣ ከኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) ጋር፣ ቡስት (ቱርቦው የሚጨምረው ግፊት) 0.5 ባር አካባቢ። ለውድድር አይደለም። አዘቦቱን ከተማ ውስጥ ነኝ፤ አልፎ አልፎ ቤተሰብ ጭኜ ወደ አዋሽና ድሬዳዋ እወርዳለሁ።

ጥያቄዬ ኮምፕሬሽን ሬሾው ላይ ነው፤ ፒስተኑ የሲሊንደሩን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያጠበው ማለት ነው። የፋብሪካው 9.5 ለ1 ነው። አንዱ መካኒክ "ወደ 8 ካላወረድከው ፒስተን ትበሳለህ" አለኝ። ሌላው "ወፍራም ጓርኒሲዮን ጣልበትና እርሳው" ይላል፤ በብሎኩና በቴስታታው (በሞተሩ ክዳን) መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። ሦስተኛው "አዲስ አበባ አየሩ ስስ ነው፣ ምንም አትንካ" ብሎኛል። ሦስቱም ሲያወሩ ቅንጣት አይጠራጠሩም። ማንን ልስማ?

ሙሉ ታንከር (አዲስ አበባ)

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሎ አገር ምድሩ ቻርጀር ይፈልጋል፤ አንተ ቱርቦ ትፈልጋለህ። ሃሃሃ። አከብርሃለሁ ወንድሜ። ቦታ ይዣለሁ፣ ልከታተል።

ጋሽ ቴስታታ (አዳማ)

ልጄ፣ የመጀመሪያውን መካኒክ አትናቀው።

ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን ሁለቴ ነው የሚጨምቀው። አንዴ ቱርቦው፣ አንዴ ፒስተኑ። አየር ሲጨመቅ ይግላል። ከልክ በላይ ከጋለ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ጥግ ሳይደርስ፣ ጥግ ላይ የቀረው ቤንዚን በራሱ ጊዜ ይፈነዳል። ኖክ የምንለው እሱን ነው። ድሮ መኪና ላይ ዳገት ስትወጣ ኳ ኳ ኳ ሲል ትሰማዋለህ፣ እግርህን ታነሳለህ፣ ያልፋል። ቱርቦ ላይ ግን እስክትሰማው አይጠብቅህም። በፋሻ (በፒስተን ቀለበት) እና በፋሻ መካከል ያለችው የፒስተን ከንፈር ትሰበርና ሞተሩ በአንድ ዳገት ያልቃል።

ታሪኩንም እይ። ቢኤምደብሊው በ1973 (በፈረንጆቹ) "2002 ቱርቦ" የሚባለውን መኪና ሲያወጣ ኮምፕሬሽኑ 6.9 ለ1 ነበር። የፖርሽ 911 ቱርቦ በ1975 6.5 ለ1። ቶዮታ ራሱ ያንተን ሞተር ወንድም 4ኤ-ጂዜድኢን በሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ቀበቶ በሚዞር አየር ጨማቂ) ሲሠራው መጀመሪያ 8 ለ1 አደረገው፣ ኋላ ነው ወደ 8.9 ያሳደገው። ፋብሪካው ያውም ጠንካራ ፒስተን አስገብቶ 8 ካለ፣ አንተ በተራ ፒስተን 9.5 ልትል ነው? እኔ 8 ብያለሁ።

ሸጋዋ መካኒክ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ልከራከርዎ ነው።

ያ ዘመን ሌላ ነው። የ1973ቱ ቢኤምደብሊውም የ1975ቱ ፖርሽም ኢንተርኩለር አልነበራቸውም። ፖርሽ በ1978 ኢንተርኩለር ሲጨምር ኮምፕሬሽኑን ወደ 7 አሳደገ። የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ ደግሞ በ1982 ኖክ ሰምቶ ቡስት የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ሲያስገባ ከ7.2 ወደ 8.5 ዘለለ። ዛሬ የቶዮታ ጂአር ያሪስ 10.5 ለ1 ነው፤ የቢኤምደብሊው ቢ58 ሞተር 11 ለ1። ሁለቱም ቱርቦ ናቸው። ኒሳን እንደውም እየሄደ ከ8 እስከ 14 የሚለዋወጥ ሞተር ሠርቷል።

አዲሶቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጩ ቤንዚኑ ሲተን አየሩን እዚያው ያቀዘቅዘዋል። ኮሮላው የሚረጨው ማኒፎልድ (አየር ማስገቢያው ቧንቧ) ላይ ነው፤ ስለዚህ 11 አይመኝ። ግን 8 ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው። ኮምፕሬሽን ከ9.5 ወደ 8 ሲወርድ በሒሳቡ የሞተሩ ብቃት በ5 በመቶ ግድም ይቀንሳል። ያ ኪሳራ ቱርቦው ሲነሳ ብቻ አይደለም። ሳሪስ መንገድ ተዘጋግቶ በአንደኛ ማርሽ ሲንፏቀቅም ያው ነው። ሰውዬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚንፏቀቅ ነው።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። እኔ ያለሁት 1,600 ሜትር ላይ ስለሆነ ይሄ የየቀን እንጀራዬ ነው። ባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 1.01 ባር ነው። እዚህ ዴንቨር አካባቢ 0.83 ግድም። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ላይ 0.76 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሩብ ጉልበቱን ገና ሲነሳ ያጣል።

ጌጁ 0.5 ቡስት ሲያሳይ ሲሊንደሩ የሚያየው 0.76 ሲደመር 0.5፣ ማለትም 1.26 ባር ነው። ያ ጅቡቲ ወደብ ላይ 0.25 ቡስት ከተሰጠው ሞተር ጋር እኩል ነው። ሲሊንደሩ ጌጅ አያነብም፤ የሚያውቀው ጠቅላላውን ግፊት ነው። ለ1.26 ባር ብለህ ኮምፕሬሽን ወደ 8 ማውረድ አይታየኝም።

የሳሪሱ ልጅ

እህታችን አንጀቴን አራስሽው። እንግዲያው 9.5ን ሳልነካ ልቀጥል?

ሻርጃ ነኝ (ሻርጃ)

ቆይ ቆይ ወንድሜ፣ ቶሎ አትደሰት። አዋሽ እወርዳለሁ አላልክም?

የተራ ዌስትጌት (ቡስት ሲበዛ ጭሱን በጎን የሚያሳልፈው በር) ሞላ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ነው። አዲስ አበባ 0.5 የሚሰጥህ ሞላ አዋሽም 0.5 ይሰጥሃል። ግን አዋሽ 900 ሜትር ግድም ነው፤ የውጭው አየር ራሱ 0.9 ባር ይሆናል። ድምሩ 1.4 ገባ። ሙቀቱ ደግሞ ከ35 በላይ፣ መኪናው ቤተሰብ ጭኗል፣ ኤሲው በርቷል። አዲስ አበባ ላይ ዝም ያለው ሞተር እዚያ ነው የሚያንኳኳው። ከዚያ ስትመለስ ደግሞ ረጅሙ ዳገት ይጠብቅሃል፤ ሙሉ ጭነት፣ እግር ወለል ላይ።

እኛ እዚህ በበጋ ከ45 በላይ እናያለን። ግን ማደያው 91፣ 95 እና 98 ቤንዚን (ቁጥሩ ከፍ ሲል ኖክ የበለጠ ይቋቋማል) ያስመርጠናል፤ ቱርቦ ያለው ሰው 98 ሞልቶ ይገላገላል። አገር ቤት ቤንዚን ቤንዚን ነው፤ የተሰጠህን ትሞላለህ። ስለዚህ ኮምፕሬሽኑን በአዲስ አበባ አየር አትወስን። በምትደርስበት በጣም ዝቅተኛና ሞቃት ቦታ ወስን።

ሸጋዋ መካኒክ

የሻርጃው ልክ ነው፣ ይሄን ልጨምር እያልኩ ነበር። አንድ ነገር ግን ልደርብበት፦ ከፍታ ላይ ቱርቦው ራሱ ይበልጥ ይለፋል። 1.3 ባር ለማድረስ ባሕር ጠለል ላይ አየሩን 1.3 እጥፍ መጭመቅ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ግን 1.7 እጥፍ። ጥሩ የሚባል ቱርቦ እንኳ በዚያ ልክ ሲጨምቅ 20 ዲግሪ የገባውን አየር 90 ግድም አድርጎ ነው የሚያወጣው። "አገሩ ብርድ ነው" ብለህ ኢንተርኩለሩን እንዳታሳንሰው።

ለማነጻጸር፣ እኛ ጋ ተራው ቤንዚን 85 ነው፣ ውዱ 91። የአሜሪካ ቁጥር አቆጣጠሩ ስለሚለይ 91 ስንል በዱባዩ 95 አካባቢ ማለት ነው።

ሬሾ በሒሳብ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ይሄን ያህል ምን ያጨቃጭቃል? ቀመር አለ። ጠቅላላ ግፊቱን ለባሕር ጠለሉ ግፊት አካፍል፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በኮምፕሬሽኑ አባዛ። አዋሽ ላይ 1.4 ባር ከሆነ ስኩዌር ሩቱ 1.18 ነው። 9.5 ሲባዛ 11.2። ከ12 በታች ስለሆነ ምንም አይልም።

ሸጋዋ መካኒክ

ወንድሜ፣ ቀመሩ የቤንዚኑን ዓይነት ያውቃል? አየሩ 40 ይሁን 90 ዲግሪ ያውቃል? ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ያውቃል? ለጨዋታ ጥሩ ነው። ፒስተን ግን አላዝበትም።

ሬሾ በሒሳብ

እሺ ተሸነፍኩ። በነገራችን ላይ አሜሪካኖቹ በ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየርን ሲያወጡ 10.25 ለ1 ላይ ቱርቦ ጭነው ነበር። ኖክ እንዳያስቸግር ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ለብቻው ከተቀመጠ ታንከር ይረጭበት ነበር። ፈሳሹ ሲያልቅ መኪናው ቡስቱን ይቀንሳል። ባለቤቱ መሙላት ይረሳል፣ ከዚያ "መኪናው ደከመ" ብሎ ይጮሃል።

ሙሉ ታንከር

ለቤንዚን ተሰልፈን ለፈሳሹም ልንሰለፍ? ይቅርብን።

ሬቲፊካ ቤት ነው የምውለው (አዲስ አበባ)

እስካሁን ጓርኒሲዮኑን ማንም አልነካውም፤ እኔ ልግባበት። ሦስቱ መካኒኮች ከሰጡህ ምክር መጥፎው እሱ ነው።

በቁጥር እንየው። የ4ኤ-ኤፍኢ ሲሊንደር ወርዱ 81 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ የሚጓዘው 77። የአንዱ ሲሊንደር ይዘት 396.8 ሲሲ ይመጣል። 9.5 ለ1 እንዲሆን ከላይ የሚቀረው ክፍተት 46.7 ሲሲ ነው። 8.5 ለማድረግ 52.9 ያስፈልጋል። ልዩነቱ 6.2 ሲሲ። ይህን በጓርኒሲዮን ብቻ ልትሞላው ብትል 1.2 ሚሊሜትር ተጨማሪ ውፍረት ትፈልጋለህ።

ችግሩ ምንድን ነው? ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ በዳሩና በቴስታታው ጠፍጣፋ ክፍል መካከል የምትቀረው ክፍተት ጠባብ መሆን አለባት። 1 ሚሊሜትር አካባቢ ስትሆን ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ጋዝ ወደ ካንዴላው ትገፋዋለች፣ ታማስለዋለች፣ እሳቱ ፈጥኖ ያዳርሰዋል። 1.2 ስትጨምርባት ይሄ ሥራ ይቀራል። ዳር ላይ ጋዝ ተኝቶ ይቀራል፤ ጋሽ ቴስታታ ጥግ ላይ ይፈነዳል ያሉት እሱ ነው። በወፍራም ጓርኒሲዮን የወረደ 8.5 በደንብ ከተሠራ 9 ይልቅ ቀድሞ ሊያንኳኳ ይችላል። ኮምፕሬሽን መቀነስ ካለብህ በፒስተን ቀንስ፤ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ፒስተን፣ ዳሩ ሳይነካ።

ሁለተኛው ነገር፦ 9.5 የሚለው የመጽሐፉ ቁጥር ነው፣ ያንተ አይደለም። የኛ አገር 101 ኮሮላ ቴስታታው አንዴ ሞቆ ያልተላገ ስንት አለ? ቴስታታ ግማሽ ሚሊሜትር ሲላግ ወደ 2 ሲሲ ይጠፋል፤ 9.9 ገባህ ማለት ነው።

ስለዚህ አስለካው። ቴስታታውን ገልብጠህ ቫልቮቹንና ካንዴላውን በቦታቸው ታደርጋለህ። ዳሩን ግራሶ ቀብተህ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ትደፋበታለህ። ከዚያ ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በቀዳዳው ታስገባለህ፤ ቀይ ስለሆነ አረፋው ይታይሃል። እስኪሞላ የገባው ሲሲ የቴስታታው ነው። አራቱንም ለካ፤ ከአራቱ አንዱ ከተለየ ኖክ የሚጀምረው ትንሿ ላይ ነው። የጓርኒሲዮኑንና የፒስተኑን ጉድጓድ ደግሞ ደምርበት። ያቺን የዳር ክፍተት (ዳሯን) ለማወቅ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ለስላሳ የእርሳስ ሽቦ ፒስተኑ ላይ አጣብቀህ፣ አሮጌውን ጓርኒሲዮን አድርገህ ቴስታታውን አጥብቀህ፣ ሞተሩን በእጅ አዙረው። የተደፈጠጠውን ሽቦ በካሊፐር ለካ።

የሳሪሱ ልጅ

ቴስታታው ከኔ በፊት እንደተላገ ሰምቻለሁ፤ ስንት እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። የ4ኤ-ጂዜድኢ ፒስተን ባገኝስ? 8.9 ይሆንልኛል?

ሬቲፊካ ቤት ነው የምውለው

አይሆንም። 8.9 የዚያ ፒስተን ከዚያ ቴስታታ ጋር ነው። የነሱ ቫልቭ በሰፊ ማዕዘን የቆመ ነው፤ ያንተ ቀጥ ያለና ጠባብ። ፒስተን ለብቻው ኮምፕሬሽን የለውም። በልክ የተለካውን ይዘህ ፒስተን በትዕዛዝ አሠራ።

ጋሽ ቴስታታ

ልጆቹ ጥሩ ተናገሩ። የጓርኒሲዮኑን ነገር እኔም አልወደውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁላችሁም ላፕቶፕ ይዞ የሚያስተካክል ሰው እንዳለ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። ይሄ ልጅ ቤንዚኑ ከመጥፎ ማደያ የተቀዳ ቀን፣ ኢንተርኩለሩ በአቧራ የተደፈነ ቀን፣ ሚስቱ ወይ ወንድሙ መኪናውን የነዱ ቀን ማን ይጠብቅለታል? ዝቅ ያለ ኮምፕሬሽን ምሕረት አለው። 8.5።

ሸጋዋ መካኒክ

ጋሼ፣ ምሕረት ያሉት ተቀብያለሁ። እኔ ግን ምሕረቱን ከቡስቱና ከተኩሱ (ካንዴላው ከሚለኩስበት ቅጽበት) ላይ እወስደዋለሁ እንጂ ከኮምፕሬሽኑ አልወስደውም። ቡስት በሞላ ይቀነሳል፣ ተኩስ በኮምፒውተር ይዘገያል። ኮምፕሬሽን አንዴ ከተዘጋ ሞተር ካላወረድክ አትነካውም። ለዚህ ሞተር፣ ለዚህ ቤንዚን፣ ለዚህ መንገድ፦ 9 ለ1፣ ዳሯ 1 ሚሊሜትር።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ ነው። የኮሮላው የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር የተሠራው ቱርቦ ለሌለው ሞተር ነው። ቡስት ሲመጣ እሱ አያውቅም፤ ቤንዚን አይጨመርም፣ ተኩሱም አይዘገይም። ኮምፕሬሽኑን 7 ብታደርገው እንኳ ቤንዚን ያጠረው ቱርቦ ሞተር ይቃጠላል። እስከ 2.5 ወይም 3 ባር የሚያነብ ሴንሰርና የሚስተካከል ኮምፒውተር ካልገዛህ ቱርቦውን አትግዛ።

ኮምፒውተሩ ከተገኘ ቡስቱን በጠቅላላ ግፊት ያዘው፤ ጣሪያው 1.3 ባር። ሞላው 0.3 ይሁን። አዲስ አበባ ላይ ሶሌኖይዱ (ኮምፒውተሩ የሚያዘው የቡስት ቫልቭ) ወደ 0.53 ያሳድገዋል። አዋሽ ላይ 0.4 ይበቃል። ባሕር ጠለል ላይ ሞላው ብቻውን 0.3 ሰጥቶ ይቆማል። በየትም አገር ሲሊንደሩ የሚያየው አንድ ነው። ከ1.4 ካለፈ ቤንዚን ይቁረጥ። አየሩ ከ50 ዲግሪ በላይ ከገባም ተኩሱ ይዘግይ።

ሻርጃ ነኝ

ሞላውን መቀየር አትርሳ። ብዙ ያገለገለ ቱርቦ 0.5 ሞላ ይዞ ነው የሚመጣው። ሶሌኖይድ መጨመር እንጂ ከሞላው በታች መቀነስ አይችልም።

የሳሪሱ ልጅ

ሞተሩ ወረደ፤ ቴስታታው ተለካ። ሁሉም ተደምሮ ከላይ ያለው ክፍተት 44.6 ሲሲ፤ 9.9 ለ1 ማለት ነው። ስለዚህ "ምንም አትንካ" ያለኝ ሰው ሳያውቀው 10 ላይ ቱርቦ ሊያስጭነኝ ነበር። ዳሯ 0.95 ናት፣ ደህና ነች።

ወደ 9 ለመድረስ 49.6 ሲሲ ያስፈልገኛል፤ በ5 ሲሲ የሚጎደጉድ ፒስተን በትዕዛዝ ይመጣል። ኮምፒውተሩና ሴንሰሩ መጀመሪያ ይገዛሉ፤ ቱርቦው ይጠብቅ። ኖክ ለማዳመጥ ምን ልግጠም? ያሁኑ ብሎክ ላይ ሴንሰር የለም።

ሬቲፊካ ቤት ነው የምውለው

ብሎኩ ላይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ትርፍ የቡሎን ቀዳዳ ፈልግ፤ የኖክ ሴንሰር በቀጥታ ብረቱ ላይ ይጥበቅ፣ በስፔሰር አይሁን። ፋሻውን ደግሞ እንደ ድሮው አትግጠም። ቱርቦ ሲያሞቀው ይረዝማል፤ አፉ ከተገናኘ ሲሊንደሩን ይቦጭቀዋል። 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ይከፈት፤ ፒስተኑን የሠራው ድርጅት የሰጠህ ቁጥር ካለ እሱን ያዝ።

ጋሽ ቴስታታ

9 ካላችሁ 9 ይሁን። ካንዴላውን ከፋብሪካው ቀዝቀዝ ያለ ምረጥ፤ ኤንጂኬ ከሆነ ከ5 ወደ 7። የመጀመሪያውን ጊዜ አዋሽ ስትደርስ ሞተሩ ይብረድና አራቱንም አውጥተህ ነጩን ሸክላ በማጉያ መነጽር እይ። ጥቁር አሸዋ የመሰለ ብትን ካየህ ሞተሩ አንኳኩቷል። የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ካየህ ግን ያ የፒስተንህ አልሙኒየም ነው፤ ዳገቱን በቡስት አትውጣው፣ ለመኪና ጫኝ ደውል።